የልጁን ስም አትጻፍ

ሾላ ሜዳ፣ ስማዳ
መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ከርቀትህ ብዛት ሰላምታዬ ቀዝቅዞ እንዳይደርስህ እየፈራሁ፣ እንደምን ከርመሃል እላለሁ። የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? ባለፈው ትንሿን ሳል ይዟታል ብለህ ነበር፤ ለቀቃት? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ጓዴ ወገቡን ያመዋል እንጂ ከወናፉ አልራቀም። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ገባ፤ ባቄላውን ውርጭ ነካው። ሁዳዴውን በሰላም ይዘነዋል።

ጽሕፈቴ ቢያስቅህ ሳቅ። ከራሴ እጅ የወጣ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። ያለፉትን የጻፉልኝ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ፤ እኔ ስናገር እሳቸው ይጽፋሉ። ደግ ቄስ ናቸው፤ ግን እሳቸው እየሰሙኝ ለአንተ የማልነግርህ ብዙ ነገር ነበር። መሠረተ ትምህርት ከገባ ወዲህ ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጥተውኛል። ስለዚህ አሁን በአንተና በእኔ መካከል ማንም የለም። ሳምንት ይፍጅብኝ እንጂ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ።

በጥር ወር የአባታችን አጥንት መገኘቱን ባስጻፍኩልህ ጊዜ የመለስክልኝን በራሴ ዓይን አንብቤዋለሁ። «አፈሩን መልሺበትና ዝም በዪ፤ ልጆቼ ከማን እንደተወለዱ አያውቁም፤ እንዳያውቁም እፈልጋለሁ» ብለሃል። ወንድምዓለም፣ ዝም አላልኩም። አፈሩንም አልመለስኩበትም። ብትቆጣ ተቆጣ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ወረቀቱን እንዳትቀደው።

እኔ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና የማውቀው ትንሽ ነው። የግራዝማች አዳነ ልጅ ሞተ፤ አባታችን ገብረ ኢየሱስ ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፣ በላው ተባለ፤ የእኛንና የሦስቱን ጎረቤቶቻችንን ቤት አቃጠሉ። እናታችን እኔን እየጎተተች በገብሱ መሀል ወደ ሸለቆው ወረደች። እስቴ ለወሬ ነጋሪ የደረስነው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። አንተ በሦስተኛው ቀን እጅህን በጨርቅ ጠቅልለህ መጣህ። አባባን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እናታችንም ሁለት ዓመት እንኳ ሳትቆይ ተከተለችው። ይኸው ነው የማውቀው። እኔ ተመልሼ እዚህ የገባሁት መሬት ለአራሹ ሲባል ለእኛም እንደ ሰው ቁራጭ መሬት ስለደረሰን ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ።

የገበሬ ማህበሩ የእህል መጋዘን ሊሠራ ቦታ መረጠ፤ የመረጠው ቦታ የእኛ የድሮ ግቢ ነው። ሊቀመንበሩ ሞላልኝ ይባላል፤ የአያ ዳኛቸው ልጅ፣ አንተ ስትሄድ ገና በአንቀልባ የነበረው። መሠረቱን ሲቆፍሩ ጉልበት ያህል እንደወረዱ ከሰል ወጣ፤ ከከሰሉ ሥር የሰው ራስ ወጣ። ጓዴ ከቁፋሮው ሮጦ መጥቶ ጠራኝ። ሄጄ ሳይ ከደረቱ አጥንት አጠገብ ጉጠት ነበር፤ አንዱ እግሩ በመዳብ የተጠገነ። አባባ ያን መዳብ ሲያቀልጥ ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ምልክት አላስፈለገኝም።

ሞላልኝ «በከረጢት ሰብስበን ከጫካው ዳር እንቀብረዋለን፤ ሥራ አታስፈቺ» አለኝ። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ተቀመጥኩ። ማን እዚህ እንዳስገባው እስኪነገረኝ ድረስ አንድ ድንጋይ አይጣልም አልኩ። ሳቁብኝ። በነጋታውም ወርጄ ተቀመጥኩ። ጓዴ መጀመሪያ «ተይ፣ ከዚህም መንደር ሊያስነሱን ነው» ብሎ ለመነኝ፤ ከቀትር በኋላ ግን መዶሻውን እንደያዘ ወርዶ ከጎኔ ተቀመጠ። ባል አግብቻለሁ ያልኩት የዚያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው አዲስ፤ ሲናገር እጁ አያርፍም። ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ፊውዳል ሥርዓት ሲያስረዳ ፀሐዩ አናታችንን በሳው። በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ጓዲት፣ አባትሽን የገደለው ግራዝማች አዳነ ነው። እሱም ሞቷል፤ መሬቱም ተወርሷል፤ አብዮቱ ተበቅሎልሻል። ተነሺ» አለኝ። ስሙን ስለጠራሁት ልንገርህ፤ እኔ ግራዝማችን አንቱ አልለውም፤ በሕይወት በነበረ ጊዜም በልቤ ብዬው አላውቅ። ለካድሬውም «ግራዝማች አዳነ እጁ ሁለት ነው፤ ብቻውን አራት ቤት አላቃጠለም። ችቦ የያዙት ከፊትህ የተቀመጡት ናቸው፤ ያጨበጨቡልህ እነሱ ናቸው» አልኩት። ሰውየው ቀላ። ሰፊውን ሕዝብ ትሰድቢያለሽ ወይ አለኝ። አልተሳደብኩም፤ ስማቸውን ነው የጠየቅሁ አልኩት።

ከዚያ አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ ብዬ ጮኼ ጠየቅሁ። ካድሬው የድሮ አድኃሪ ልማድ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ላለፈው ነገር አውጫጭኝ የት ተሰምቶ አሉ። እኔም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ «በሬ ሲጠፋባችሁ ሾላው ሥር ተቀምጣችሁ ሳምንት ሙሉ ስትጠያየቁ ኖራችኋል። አባቴ ከበሬ ያንሳል?» አልኳቸው። መምሬ ወልደ ሩፋኤል ብቻ መስቀላቸውን ከብብታቸው አውጥተው «ትክክል ናት፤ ይቀመጥ» አሉ። ካድሬው ቄሱን አየ፣ ሕዝቡን አየ፤ የሚያተርፍበት መሰለው መሰል ፈቀደ።

ዛሬ እጄ ደከመኝ። ነገ እቀጥላለሁ።

አውጫጭኙ እሑድ ተቀመጠ። ከየቤቱ ሰው ሁሉ ወጣ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ሁሉም በየተራ ተነስቶ ያየውን የሰማውን ይናገራል፤ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። መጀመሪያ የተነሳው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። ሁለተኛውም። አርባ ሰው እንዲሁ እያለ ተቀመጠ። ከእነሱ መሀል የእኛ በግ ቆዳ ላይ ተቀምጠው የሚያውቁ፣ እናታችን የጋገረችውን የበሉ ነበሩ። ሞላልኝ «እንግዲህ ያየ የለም፤ ቃለ ጉባኤው ይዘጋ» ብሎ ተነሳ። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ፤ አልዋሽህም።

በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ ወገን እሜቴ ውብነሽ ተነሱ። የግራዝማች ሚስት፣ የሞተው ልጅ እናት። ርስታቸው ከተወረሰ ወዲህ አንዲት ጎጆ ውስጥ ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የተነሱት በሁለት ሴቶች ተደግፈው ነው። እኔ ልጃቸውን ሊያለቅሱብኝ መስሎኝ ነበር። እንዲህ አሉ፤ ቃላቸውን እንዳለ ነው የምጽፍልህ፦

«ልጄ ተክለሃይማኖት የታመመው ሰኞ ነው። ረቡዕ የሕዳር ሚካኤል ነበር፤ ገላው በኩፍኝ ቀልቶ ስለነበር ትቼው ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ገብረ ኢየሱስ የሳለውን ማጭድ ይዞ ከቤቴ የመጣው ሐሙስ ነው። ልጄንም አላየውም፤ ከደጅ አስረክቦ ተመለሰ። ዓርብ ልጄ ሞተ። ቡዳው በላኝ ብሎ ለፈለፈ ያሉት ውሸት ነው፤ ጉሮሮው ተዘግቶ ከማክሰኞ ጀምሮ ድምፅ አልነበረውም። እናቱ እኔ ነኝ፤ ያቀፍኩት እኔ ነኝ።»

ካድሬው ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ ብሎ ጠየቃቸው። «ባሌ ኩፍኝ ነው ካልሽ አንቺንም ከእነሱ ጋር አነድሻለሁ አለኝ። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ አፈርኩ» አሉና ተቀመጡ። ይቅር በይኝ አላሉኝም። እኔም ይቅር ብያለሁ አላልኩም። ግን ሰኞ ታመመ፣ ሐሙስ መጣ ብለው የሃያ ሦስት ዓመት ውሸት አፈረሱት። አባባ ማንንም አልበላም። እኛ ድሮም እናውቅ ነበር፤ አሁን ግን ያወቅነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ሾላ ሜዳ በሙሉ ሰምቷል።

ከእሳቸው በኋላ አያ ዳኛቸው ተነሱ። ሞላልኝ «አባቴ፣ ተው» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። «ሃያ ሦስት ዓመት ተውኩ፤ ልቀቀኝ» አሉት። የገብረ ኢየሱስን ቤት ክዳን የለኮስኩት እኔ ነኝ ብለው ጀመሩ። አብረዋቸው የነበሩትን ስድስት ሰዎች በስም ጠሩ፤ ሁለቱ እዚያው ተቀምጠው «አላየሁም» ያሉ ነበሩ። «ጅብ ሆነው ይወጣሉ ብለን በየበሩ ዱላ ይዘን ጠበቅን፤ የወጣው ግን ዶሮና አንድ ጥጃ ነው። ጥጃው እየነደደ በአጠገቤ አለፈ። ያን ጊዜ ሰዎች መሆናቸውን አወቅሁ፤ አውቄም ችቦዬን አልጣልኩም» አሉ። ይህን ሲሉ ከሴቶቹ አንዷ ልቅሶ ለቀቀች። እኔ አላለቀስኩም። ያ ቀን የእነሱ የልቅሶ ቀን ነበር፤ እኛ ድሮ ጨርሰናል።

ወንድምዓለም፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በዝግታ አንብበው። ሰው ካለ ከአጠገብህ ይሂድ።

አያ ዳኛቸው ያሉት እንዲህ ነው። ገብረ ኢየሱስን እሑድ ጠዋት ይዘው ግራዝማች በረት ውስጥ አሰሩት። በላሁ በል ሲሉት አልልም አለ፤ ቢደበድቡትም አልልም አለ። ያን ጊዜ ግራዝማች አንድ ልጅ አስያዘ። ልጁን በረት ውስጥ አላስገቡትም፤ ከግድግዳው ማዶ፣ ማድ ቤት አስቀመጡት። ማጭድ አጋሉ። ልጁ ጮኸ እንጂ አልተናገረም። አባባ ጩኸቱን ከግድግዳው ማዶ ሰማ። «ልቀቁት፤ እኔ ነኝ፤ በልቻለሁ፤ የምትሉትን ሁሉ እላለሁ፤ ልጁን ብቻ ልቀቁት» አለ። ይህን ባለ ጊዜ ልጁ ገና አንድ ቃል አልወጣውም ነበር። ከዚያ ግራዝማች ራሱ አባባን በዱላ ጭንቅላቱን መታው፤ ሁለተኛ አልደገመውም።

ሰውየው ከሞተ በኋላ ግራዝማች ፈራ። ወረዳው ቢጠይቀኝ ምስክር ያስፈልገኛል አለ። ልጁን ከማድ ቤት አውጥተው በሁለት ሽማግሌዎች ፊት አቆሙት፤ አባትህ ነው የበላው? አሉት። ልጁም አዎ አለ። ሬሳው በረት ውስጥ መሆኑን አያውቅም። አያ ዳኛቸው «ልጁ አዎ ሲል አባቱ ከሞተ ቆይቷል፤ ቃሉ ማንንም አልገደለም፤ እኛ ገድለን ጨርሰን ነው ልጁን ያናገርነው» አሉ። ሬሳውን ወደ ግቢያችን የወሰዱት ከቃጠሎው በኋላ ነው፤ ጉጠቱን እጁ ላይ አድርገው በአመዱ ሥር ቀበሩት።

ይህችን እንደገና ልጻፍልህ፤ መስመሬ ጠማማ ስለሆነ አላየኋትም እንዳትል። ልጁ አዎ ሲል አባቱ ሞቶ ነበር። አባቱ የተናገረው ልጁ ከመናገሩ በፊት ነው። አባቱ የተናገረው ወዶ ነው፤ ለልጁ ብሎ ነው።

ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው ጸሐፊ ብዕሩን አንስቶ «የልጁ ስም ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። አያ ዳኛቸው አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ተነስቼ «የልጁን ስም አትጻፍ» አልኩ። ጸሐፊው ያለ ስም ቃለ ጉባኤው አይሟላም አለኝ። «ማጭድ ያጋለውን ጻፍ፤ እጁን የያዘውን ጻፍ፤ አዎ በል ያለውን ጻፍ፤ በፊታቸው ሲያናግሩት ዝም ያሉትን ሁለት ሽማግሌዎች ጻፍ። ልጁን ግን ልጅ ብለህ ጻፍ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ» አልኩት። ካድሬው ጓዲት አትበጥብጪ ብሎ ጮኸ። ልጁን እዚህ ጉዳይ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይተያያል አልኩ። መምሬም «ልጅ ብለህ ጻፍ» አሉት። ልጅ ብሎ ጻፈ። አሁን ማንበብ ስለምችል አጠገቡ ቆሜ ፊደል በፊደል አየሁት።

እኔ ስለ እጅህ ጠይቄህ አላውቅም። እናታችን በቅቤ ስታሽልህ ከወናፉ እሳት ወድቄ ነው ስትል ሰምቻለሁ፤ እሷም አምናህ ይሁን ሳታምንህ ሞታለች። ዛሬም አልጠይቅህም። በአሥራ አምስት ዓመትህ ለምን እንደሄድክ፣ ለምን አንድም ቀን እንዳልተመለስክም አልጠይቅህም። መልሱን ካንተ አልፈልግም፤ አግኝቼዋለሁ።

ካድሬው አያ ዳኛቸውን ወዲያው ወደ አውራጃው ልወስድ ነው አለ። ሁለት ታጣቂዎች አስነሳ። በዚህ ዘመን የተወሰደ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ሞላልኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ብዙ ሰው የምስቅ መስሎት ወደ እኔ ዞሮ ያይ ነበር። እኔ ከታጣቂዎቹ ፊት ሄጄ ቆምኩ። «እኚህን ሰው ከወሰዳችሁ ከእንግዲህ በዚህ አገር እውነት የሚናገር አይገኝም። አርባ ሰው ዋሽቶ ቤቱ ሊገባ ነው፤ አንዱ እውነት ተናግሮ ሊታሰር ነው? እኔ የጠየቅሁት ሬሳ አይደለም፤ ቃል ነው» አልኩ። ካድሬው ለአባትሽ ገዳይ ትሟገቻለሽ ወይ አለኝ። ለራሴ ነው የምሟገተው አልኩት። ሕዝቡ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ በኋላ አንድ በአንድ መነሳት ጀመረ፤ ሽማግሌውን ከበቧቸው። ካድሬው ያን ያህል ሰው ገፍቶ የሚሄድበት ወኔ አላገኘም። በቅሎውን ጭኖ ሄደ። ይመለስ ይሆናል፤ ይመለስ። ቃለ ጉባኤው በሦስት ቅጂ ተጽፏል፤ አንዱ እኔ ዘንድ ነው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። ከቃለ ጉባኤው ላይ ስልሳ ሦስት ሰው ፈርሟል፤ አሥራ አንዱ አንፈርምም ብለው ወጥተዋል። ከወጡት አንዱ በመንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም ልጁን በነጠላ ይሸፍናል። አርብ ገበያ የሚያውቁኝ ሴቶች የጠጣሁበትን ጣሳ ለብቻ ያኖራሉ። እኔም ለብቻ ባኖሩት ቁጥር ሌላ ጣሳ ቅጂልኝ እላለሁ። ሦስት ከደረሰ ይደክማቸዋል።

የተወሰነው ይህ ነው። መጋዘኑ ሌላ ቦታ ይሠራል። የአባባ አጽም በሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ ከሰው እኩል ይቀበራል። ቀጥቃጭ ከቅጽሩ ውስጥ ተቀብሮ አያውቅም ያሉ ካህናት ነበሩ፤ መምሬ ተከራክረው ረቷቸው። መቃብሩን የሚቆፍሩት አያ ዳኛቸውና ያቃጠሉት ሰዎች ልጆች ናቸው። አያ ዳኛቸው ከቀብሩ በፊት በደጀ ሰላሙ ቆመው አውጫጭኝ ላይ የተናገሩትን ሁሉ ይደግሙታል፤ እምቢ ያሉት አሥራ አንዱም ለቅዳሴ ሲመጡ መስማታቸው አይቀርም። ቀኑ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ ስድስት ነው።

ከአሰብ እስከዚህ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጓዴ ነጋዴ ጠይቆልኛል። ደብረ ታቦር ከደረስክ በኋላ መኪና ባታገኝ በእግር ትመጣለህ፤ ወገዳ ስትደርስ የሚቀበልህ ሰው እልካለሁ። ለሚስትህ ምን እንደምትላት የአንተ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ልጆችህ አያታቸው ማን እንደነበር ቢሰሙ የሚያፍሩበት አይታየኝም። ልጁን ለማስለቀቅ ያልሠራውን ኃጢአት ተሸክሞ የሞተ ሰው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ዘር ያለው ካለ ያሳየኝ።

አጽሙ በሳጥን ሆኖ በቃሬዛ ነው የሚሄደው። ሽማግሌዎቹ ከፊት በቀኝ በኩል ማን ይሸከም ብለው ሲጠይቁ ሞላልኝ እኔ ልግባ አለ። ከልቡ ነው፤ አልጠላሁትም። ግን ቦታው ተይዟል አልኩት። የበኩር ልጁ ቦታ ነው። ከመጣህ ትገባበታለህ፤ ማንም ከየት መጣህ፣ የት ነበርክ አይልህም፤ የሚል ካለ እኔ አለሁ። ካልመጣህ ግን ለሌላ አልሰጠውም። መቀነቴን አጥብቄ ራሴ እገባበታለሁ። ሴት ቃሬዛ አትሸከምም የሚል ሰው ካለ፣ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ከትከሻዬ ላይ ያውርደው።

የሩፋኤል ጥላ ባለህበት ይከልልህ። ልጆችህን ሳል አይንካብኝ፤ እጅህ የያዘው ሁሉ ይስመርልህ። መንገዱን ያቅልልህ፣ መሄጃህንም መምጫህንም ይባርክልህ።

ታናሽ እህትህ፣
የቀጥቃጩ ልጅ